ተርጓሚው ዳኛ ሲሆን

በአሜሪካ አላባማ ግዛት አንድ የግቢ ማስዋብ ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር። ደንበኛው ጓሮ ውስጥ መሬት ቆፈረና ከአፈሩ እኩል የሆነ ትራምፖሊን ተከለ። ልጆች የሚዘሉበት ማለት ነው። በኋላ አንድ ልጅ ተጎዳና ክስ መጣ። ሰውዬው መድን ነበረው። ድርጅቱ ግን አልከፍልም አለ። «ውላችን የሚሸፍነው የግቢ ማስዋብ ሥራን ነው፤ ትራምፖሊን መትከል ምኑ ነው ግቢ ማስዋብ?» የሚል ነበር ክርክሩ።

ጉዳዩ በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዳኞቹ አንዱ ኬቨን ኒውሰም ናቸው። እንደማንኛውም ዳኛ መዝገበ ቃላት ገለጡ። አንዱ ስለ ተክልና ስለ ውበት ያወራል፤ ሌላው መሬቱን ማስተካከል በቂ ነው ይላል። አልረኩም። የትራምፖሊኑን ፎቶ አዩ። አሁንም አልረኩም። በመጨረሻ ቻትጂፒቲ የተባለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጠየቁት።

ይህን ያደረጉት በድብቅ አይደለም። ራሳቸው በጻፉት አስተያየት ላይ ጥያቄውንም መልሱንም አስቀምጠውታል። ክርክሩ በመጨረሻ የተፈታው በሌላ መንገድ ነው። ሰውዬው የመድን ማመልከቻውን ሲሞላ የመዝናኛ ዕቃ ትተክላለህ ወይ ተብሎ ተጠይቆ «አይ» ብሎ ነበር። የሕግ ሰዎች ግን ስለ ማመልከቻው ብዙም አላወሩም። ያነጋገራቸው አንድ የፌዴራል ዳኛ መዝገበ ቃላቱን ዘግቶ ማሽን መጠየቁ ነው።

እኔን ደግሞ ያስገረመኝ ሌላው ጫፍ ነው። ለመሆኑ ዳኛ ከመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ውስጥ ምን ሊያገኝ ገባ? ሕጉን የጻፈው ሌላ፣ ውሉን የተዋዋለው ሌላ፣ መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀው ሌላ። እንዴት ሆኖ ነው ሦስተኛው ሰው የሁለቱን ጠብ የሚዳኘው?

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል። «የዚህ ቃል ትርጉም ምንድን ነው?» እንላለን። «መጽሐፉን ተረጎመው» እንላለን። «ሕግ የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ነው» ብለንም እንጨምራለን። ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ቃላችን ግን አንድ ነው። የሕግ መዝገበ ቃላት ታሪክ ደግሞ በእነዚህ በሦስቱ መካከል የመንሸራተት ታሪክ ነው። ሲወለድ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያሻግር ተርጓሚ ነበር። እየቆየ ግን ሕግ ተርጓሚ ሆኖ ቁጭ አለ።

ልደቱ በጣም ሩቅ ነው። በጥንታዊት ሜሶጶጣሚያ ሱመርኛ ከሰው አፍ ከጠፋ በኋላም የውል ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። ሕዝቡ አካድኛ ያወራል፤ ውሉ ግን በሱመርኛ አባባሎች ይጻፋል። ስለዚህ ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ተማሪ በሸክላ ላይ በሁለት ዓምድ የተጻፉ ዝርዝሮችን እየገለበጠ ይማር ነበር። ግራው ሱመርኛ፣ ቀኙ አካድኛ። የኪራይ፣ የጋብቻ፣ የጉዲፈቻ፣ የብድር አባባሎች ተራ በተራ ይመጣሉ። ከእነዚህ ዝርዝሮች ትልቁ ወደ 24 ሸክላ ይደርሳል። ዛፉም፣ እንስሳውም፣ ዕቃውም ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። መጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው ቃል ግን ምን መሰላችሁ? ወለድ ያለው ዕዳ። ዝርዝሩ በሙሉ የሚጠራውም በዚህ ቃል ነው። ከዛፍና ከእንስሳ ይልቅ ዕዳ መቅደሙ ጸሐፊዎቹ ምን እየጻፉ ይኖሩ እንደነበር ይናገራል።

ሮማውያን ሌላ መንገድ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ በ533 ዓ.ም. ያወጁት ታላቁ የሕግ ስብስብ 50 መጻሕፍት አሉት። በመጨረሻው መጽሐፍ ውስጥ «ስለ ቃላት ትርጉም» የሚል ርዕስ አለ፤ 246 ቅንጭብ ትርጓሜዎች ተሰድረውበታል። የመጀመሪያው «ማንም ሰው» የሚለው አባባል ወንዱንም ሴቷንም ያጠቃልላል ይላል። ጥሩ አጀማመር ነው።

ገጹን ስንገልጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚቀጥለው ርዕስ የሕግ መርሆች ዝርዝር ነው። እዚያ ውስጥ፣ 202ኛው ላይ፣ ያቮሌኑስ የተባለ የሕግ ሊቅ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ትርጓሜ ሁሉ አደገኛ ነው፤ የማይገለበጥ ጥቂት ነውና» ይላል። አዘጋጆቹ 246 ትርጓሜ ደርድረው ሲያበቁ ይህንን ከጎኑ አኖሩት። ሳያስተውሉ ይሁን ሆን ብለው አንድዬ ይወቅ። እኔ ሆን ብለው ነው ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል።

ያ ሕግ የተጻፈው በላቲን ነው፤ የታወጀው ግን በቁስጥንጥንያ፣ ግሪክኛ በሚያወራ ሕዝብ መሃል። ላቲን የሚያውቀው ሰው እያነሰ ሲመጣ የላቲኑን የሕግ ቃል በግሪክኛ የሚፈቱ ዝርዝሮች ተዘጋጁ። ያው የሜሶጶጣሚያው ታሪክ ነው። ሕጉ አንድ ቋንቋ ላይ ቀረ፣ ሰው ወደ ሌላ ሄደ፣ መሃል ላይ ድልድይ አስፈለገ።

ወደ እንግሊዝ ስንመጣ ነገሩ ሦስት እጥፍ ይወሳሰባል። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች አገሩን ከወረሩ በኋላ የፍርድ ቤቱ ሰው በፈረንሳይኛ ይከራከራል፣ መዝገቡ በላቲን ይጻፋል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ደግሞ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። በ1362 ክርክሩ በእንግሊዝኛ ይሁን ተብሎ ሕግ ወጣ። የሚገርመው መዝገቡ አሁንም በላቲን እንዲጻፍ ራሱ ሕጉ አዘዘ። ጠበቆቹም ፈረንሳይኛቸውን አልለቀቁም። እየቆየ እንግሊዝኛና ላቲን የተደባለቀበት፣ ፈረንሳዮች ራሳቸው የማይሰሙት ፈረንሳይኛ ሆነ። እንግሊዝኛ በፍርድ ቤት ሙሉ በሙሉ የነገሠው በ1733 ነው።

ይህ ቋንቋ ነው የመጀመሪያውን የእንግሊዝ የሕግ መዝገበ ቃላት የወለደው። በ1520ዎቹ ያሳተመው ጆን ራስቴል ይባላል። ጠበቃ ነው፣ አታሚ ነው፣ «ዩቶፒያ»ን የጻፈው የቶማስ ሞር እኅት ባል ነው። ሰውዬው ያልሞከረው ነገር የለም። በ1517 ወደ አዲሲቱ ዓለም መርከብ አስነስቶ ነበር፤ መርከበኞቹ አምፀውበት አየርላንድ ላይ ቀረ። መጨረሻው እስር ቤት ሆነ። መዝገበ ቃላቱ ግን ከሱ በኋላ ወደ 300 ዓመት ገደማ እየታደሰ ታተመ። በኋላ ኅትመቶቹ ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ይቀመጡ ነበር። ልክ እንደ ሸክላዎቹ።

እስከዚህ ድረስ መዝገበ ቃላት ማንንም አላስቆጣም። ማን ድልድይ ላይ ይቆጣል? ቁጣው የመጣው ከጆን ኮዌል ጋር ነው።

ኮዌል በካምብሪጅ የሮማ ሕግ ፕሮፌሰር ነበር። በ1607 «ተርጓሚው» የሚል ርዕስ ያለው የሕግ መዝገበ ቃላት አሳተመ። አብዛኛው ይዘት ለክፉ የሚሰጥ አይደለም። የመሬት ዓይነት፣ የግብር ስም፣ የባለሥልጣን ማዕረግ። ግን ፊደሉን ተከትሎ ሲሄድ «ንጉሥ» የሚለው ቃል ላይ መድረሱ አልቀረም። «ፓርላማ» የሚለውም አለ። እዚያ ሲደርስ ንጉሡ በፍጹም ሥልጣኑ ከሕግ በላይ ነው ብሎ ጻፈ። ስለ ፓርላማም ሲያትት ወይ ንጉሡ ከፓርላማ በላይ ነው፣ ወይ ደግሞ ፍጹም ንጉሥ አይደለም ወደሚል አጣብቂኝ ወሰደው።

ቦታውን አስቡት። በ1610 ንጉሥ ጄምስ ገንዘብ ቸግሮት ፓርላማውን እየለመነ ነው። ፓርላማው ደግሞ የንጉሡ ሥልጣን እስከየት ነው እያለ እየተሟገተ ነው። በዚህ መሃል አንድ መዝገበ ቃላት ተነሥቶ ጥያቄውን በፊደል ተራ ይመልሰዋል! የሕዝብ እንደራሴዎቹ ተቆጡ። ነገሩ እየከረረ ሲመጣ ንጉሡ ራሱ፣ መጽሐፉ ከፍ ከፍ ያደረገው ንጉሥ፣ በአዋጅ መጽሐፉን አገደው። ቅጂው ያለው ሁሉ እንዲመልስ ታዘዘ። ኮዌል በቁጥጥር ሥር ዋለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

የኮዌል ጥፋት ውሸት መጻፉ አይደለም። በጊዜው እንደሱ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። ግን በክርክር መጽሐፍ ውስጥ ቢጽፈው «የአንድ ሰው ሐሳብ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲገባ ሐሳብ መሆኑ ይጠፋል። ፍቺ ይሆናል። ፓርላማው ይህንን በደንብ ገብቶት ነበር፤ ከእኛ ይልቅ ገብቶት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ደግሞም መጽሐፉ አልሞተም። ከደራሲው ሞት በኋላ ደጋግሞ ታተመ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ታዋቂውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ለብዙ የሕግ ቃላት የጠቀሰው ይኸው ኮዌልን ነው።

አሜሪካኖቹ ጋ ቶሎ እንለፍ። ከፈረንሳይ በልጅነቱ የተሰደደው ጆን ቡቪየር ሕግ ሲማር የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት አላግባባው አለ። ባላባትና ጭሰኛ በሌለበት አገር ስለ ባላባት መሬት ያነባል። ስለዚህ በ1839 ለአሜሪካ ሕግ የሚሆን የራሱን ጻፈ። በ1891 ሄንሪ ካምቤል ብላክ የራሱን አወጣ። ዛሬ ጠበቆች «ብላክስ» እያሉ የሚጠሩት እሱን ነው። በ2024 12ኛው ኅትመት ወጥቷል።

12 ኅትመት ማለት በአንድ ስም የሚጠሩ 12 የተለያዩ መጻሕፍት ማለት ነው። ይህን ያልተረዱ ሰዎች በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አንድ የታወቀ ድራማ ይሠራሉ። መንግሥት በእኛ ላይ ሥልጣን የለውም የሚሉ ቡድኖች አሉ። ያለ መንጃ ፈቃድ ሲያዙ የድሮ ብላክስ ይዘው ይቀርባሉ። እዚያ ውስጥ «ሾፌር» ማለት ሠረገላ ለመንዳት የተቀጠረ ሰው ነው። «እኔ ደግሞ አልተቀጠርኩም፤ እየተጓዝኩ ነው እንጂ እየነዳሁ አይደለም» ይላሉ። ዳኞቹ ይሰሙና ይቀጧቸዋል። መቼም የሚያስቅ ነገር ነው። ግን ትንሽ ቆይተን እንደምናየው ሰዎቹ የሚሠሩት ስሕተት ትላልቆቹ ዳኞች ከሚሠሩት ብዙም የራቀ አይደለም።

ተርጓሚነቱ በትክክል ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ወደ ጃፓን መሄድ ይሻላል። በ1869 አዲሱ የሜጂ መንግሥት ሚትሱኩሪ ሪንሾ የተባለ ወጣት ምሁር የፈረንሳይን ሕጎች ወደ ጃፓንኛ እንዲተረጉም አዘዘው። አስቡት፤ የሕግ መዝገበ ቃላት የለም፣ ማብራሪያ የለም፣ የሚጠየቅ አስተማሪ የለም። ችግሩ ቃሉን አለማወቅ ብቻ አይደለም። ነገሩ ራሱ በጃፓንኛ ስም አልነበረውም። ጉዳዩን በበላይነት የያዘው ኤቶ ሺምፔይ ደግሞ ይቻኮላል። ብትሳሳትም ግድ የለም፣ ብቻ ቶሎ ተርጉም ይለው ነበር ይባላል።

ሚትሱኩሪ ከቻይና ተበደረ። አንድ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ዓለም አቀፍ ሕግን የሚያስተምር መጽሐፍ በ1864 ወደ ቻይንኛ ተርጉሞ አሳትሞ ነበር። «መብት» ለሚለው ሐሳብ የተጠቀመበት ቃል ሁለት ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያው ሥልጣን፣ ሁለተኛው ጥቅም ማለት ነው። ሚትሱኩሪ ወሰደው፤ በጃፓንኛ «ኬንሪ» ሆነ። «ግዴታ» የሚለውንም ከዚያው አገኘ። ከዚያ የፈረንሳዩን የዜጎች መብት የሚል ሐረግ «ሚንከን»፣ ቃል በቃል «የሕዝብ ሥልጣን»፣ ብሎ ተረጎመና ለኮሚቴው አቀረበ። ስብሰባው ተረበሸ። ሕዝብ ሥልጣን አለው ማለት ምን ማለት ነው? ብለው ያዙት። እሱም በሚችለው ሁሉ ተከራከረ።

ያ ክርክር ስለ ቃል ይመስላል፤ ስለ አገር አስተዳደር ነበር። የኮዌል ታሪክ ተገልብጦ እንደመጣ ቁጠሩት። እንግሊዝ ውስጥ መዝገበ ቃላት ለንጉሡ ሥልጣን ሰጠ ተብሎ ታገደ፤ ጃፓን ውስጥ አንድ የትርጉም ቃል ለሕዝቡ ሥልጣን ሰጠ ተብሎ ተጠየቀ። «ኬንሪ» ግን አሸነፈ። ዛሬ የጃፓን ልጅ መብት ሲል የሚጠራው ይህንኑ የተጣደፈ ተርጓሚ የመረጠውን ቃል ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ በደህና አያልቅም። በ1840 የእንግሊዝ ዘውድና የማኦሪ አለቆች በኒውዚላንድ የዋይታንጊን ውል ፈረሙ። ከዋዜማው ቀደም ብሎ ሚሲዮናዊው ሄንሪ ዊሊያምስ ከልጁ ጋር ሆኖ ውሉን በአንድ ሌሊት ወደ ማኦሪ ተረጎመው። እንግሊዝኛው አለቆቹ ሉዓላዊነታቸውን ለዘውዱ ይሰጣሉ ይላል። ማኦሪው ደግሞ «ካዋናታንጋ» ይላል፤ «ገዢ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተሠራ፣ አስተዳደር እንደማለት ያለ ቃል። አብዛኞቹ አለቆች የፈረሙት ማኦሪውን ነው። ጠቡ እስከ ዛሬ አልበረደም። ለማኦሪ የሕግ ቃላት የተዘጋጀ ደህና መዝገበ ቃላት የወጣው በ2013 ነው። ከውሉ 173 ዓመት በኋላ።

እስካሁን ያወራነው ቋንቋ ስለሚያሻግረው መዝገበ ቃላት ነው። አሁን ወደ ፍርድ ወንበሩ እንምጣ።

በ1883 የወጣ የአሜሪካ ቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ 10 በመቶ ይጥል ነበር። ፍራፍሬ ከቀረጥ ነፃ ነው። ቲማቲም አስመጪዎች ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ብለው ከሰሱ። በዕፅዋት ሳይንስ ካየነው ልክ ናቸው። ጠበቃቸው ችሎቱ ፊት የ«ፍራፍሬ»፣ የ«አትክልት»ና የ«ቲማቲም»ን ፍቺ ከመዝገበ ቃላት አነበበ። የመንግሥት ጠበቃ ተነሣና የ«አተር»፣ የ«ኪያር»፣ የ«ዱባ»፣ የ«ቃሪያ»ን አነበበ። ያኛው ደግሞ ተነሥቶ የ«ድንች»፣ የ«ካሮት»፣ የ«ጎመን»ን አነበበ። ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲህ ሲከራከር ማየት ነበር!

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልስ በ1893 መጣ። መዝገበ ቃላት ማስረጃ አይሆንም፤ የዳኛውን ትዝታ ለማገዝ ብቻ ይጠቅማል አለ። ሰው ቲማቲምን ከዋናው ምግብ ጋር ይበላዋል እንጂ ከምግብ በኋላ እንደ ፍራፍሬ አያቀርበውም። ስለዚህ አትክልት ነው፤ ቀረጡን ክፈሉ። ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። መዝገበ ቃላቱን ልኩን ነግሮታል።

ምክሩ ግን አልተያዘም። አንድ ጥናት እንዳሳየው በ1960ዎቹ በሙሉ ያው ፍርድ ቤት በመዝገበ ቃላት የፈታቸው ቃላት 23 ብቻ ነበሩ፤ በ16 ውሳኔዎች። ከ2000 ጀምሮ ባሉት 10 ዓመታት ግን 295 ቃላትና ሐረጎች፣ በ225 ውሳኔዎች። በ2011 ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ስለ ፈጠራ ባለቤትነት ሲወስኑ ከፈለጓቸው ቃላት አንዷ በአማርኛ «የ» የምንላት ነበረች። «የተቋራጩ ፈጠራ» በሚለው ውስጥ ያለችው «የ»። መዝገበ ቃላቱ የነገራቸው እኔና እናንተ የምናውቀውን ነው።

ለምን እንዲህ በዛ? ዋናው ምክንያት የአስተሳሰብ ለውጥ ነው። ሕግን በጽሑፉ ብቻ እንተርጉም፣ ሕግ አውጪው ምን አስቦ ነበር እያልን የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ አንበርብር የሚሉ ዳኞች በረከቱ። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ ዳኛ የራሱን ፍላጎት እንዳያስገባ መገደብ ነው። ግን ጽሑፉ ብቻ ከቀረ ቃሉን የሚፈታ ያስፈልጋል። መዝገበ ቃላቱ ገለልተኛ መስሎ ቆሟል። የሚቸግረው ስንት መዝገበ ቃላት እንዳለና ከእያንዳንዱ ስንት ፍቺ እንደሚወጣ ስናይ ነው። ምርጫው በረከተ ማለት የዳኛው ፍላጎት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

የ1998ቱን ክስ ተመልከቱ። በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ጊዜ መሣሪያ የያዘ ሰው ተጨማሪ 5 ዓመት ይታሰራል። ሰውዬው ሽጉጡን ያስቀመጠው መኪናው ውስጥ፣ በተቆለፈ የዳሽቦርድ ሣጥን ነው። «ይዟል» (በእንግሊዝኛው «ኬሪ») ይባላል ወይ? አምስቱ ዳኞች አዎ አሉ። ቃሉ ከሥሩ ከሠረገላ ጋር እንደሚያያዝ ከትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳዩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጠቀሱ፣ ልብ ወለድ ጠቀሱ። አራቱ ዳኞች አይባልም አሉ። ሩት ባደር ጊንስበርግ የሐሳብ ልዩነታቸውን ሲጽፉ ብላክስን ጠቀሱ፤ እዚያ መሣሪያ መያዝ ማለት በሰውነት፣ በልብስ ወይም በኪስ ነው ይላል። ሁለቱም ወገን መዝገበ ቃላት አለው። ሁለቱም ልክ ነው። ሕጉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢሆን ኖሮ «መያዝ»፣ «መታጠቅ» ወይም «ማጓጓዝ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበት ነበር። ምርጫው ደግሞ ፍርዱ ነው።

ከሁሉም የሚጣፍጠኝ ግን የ2012ቱ ነው። አንድ ጃፓናዊ የቤዝቦል ተጫዋች በአንድ መዝናኛ ስፍራ የእንጨት መተላለፊያ ተደርምሶበት ይከሳል፤ ይሸነፋል። ሕጉ ረቺ ወገን የ«አስተርጓሚ» ወጪ ይመለስለት ይላል። እዚህ የረታው መዝናኛ ስፍራ ያወጣው ወጪ ግን ሰነድ በጽሑፍ የተረጎመበት ነው። የጽሑፍ ተርጓሚ «አስተርጓሚ» ነው ወይ? ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው እያወረዱ ቆጠሩ። አብዛኞቹ በአፍ የሚያስተረጉም ይላሉ፤ ጥቂቶቹ የጽሑፉንም ይጨምራሉ። በ6 ለ3 ድምፅ፣ አይከፈልም ተባለ። መዝገበ ቃላት፣ የተርጓሚዎች ሁሉ አንጋፋ፣ ተርጓሚ ማን ነው በሚለው ላይ ፈረደ ማለት ነው። ቃላቸው እንደኛ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ክርክር ባልኖረ።

ይህ የአሜሪካ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞችም መዝገበ ቃላት ይወዳሉ። በ2003 አንቲጓና ባርቡዳ አሜሪካን በኢንተርኔት ቁማር ጉዳይ ከሳ ነበር። አሜሪካ ገበያዋን የከፈተችው «ከስፖርት በስተቀር ለሌሎች የመዝናኛ አገልግሎቶች» ነው። የአሜሪካ ጠበቆች «ስፖርት» ተብሎ የተተረጎመው የእንግሊዝኛ ቃል ቁማርንም ይጨምራል ብለው ፍቺ አወጡ። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ በእርግጥም አለ። በ2005 ይግባኝ ሰሚው አካል ግን አልተዋጠለትም። መዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺ ሁሉ፣ የተለመደውንም ብርቁንም፣ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ብቻውን የከበደ ጥያቄ አይፈታም ብሎ ጻፈ። ታዋቂው ዳኛ ለርነድ ሃንድም በ1945 መዝገበ ቃላትን ምሽግ አለማድረግ የበሰለ ሕግ ምልክት ነው ብለው ነበር።

ታዲያ ይጣል? የለም። ለተወለደበት ሥራ እስከዋለ ድረስ እንደሱ ያለ መሣሪያ የለም። እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ነው።

ሰው ውል ወይም ሕግ ሲያነብ አንድ ቃል ቢገታው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደዚያው ሰነድ ነው። አብዛኛው ዘመናዊ ሕግ መግቢያው ላይ የትርጓሜ አንቀጽ አለው። እዚያ «ሰው» ማለት ኩባንያን ይጨምራል ከተባለ፣ በቃ፣ ኩባንያ ሰው ነው። የትኛውም መዝገበ ቃላት አይሽረውም። ያ ከሌለ ቀጥሎ ፍርድ ቤቶች ቃሉን ምን ሲሉት እንደኖሩ ማየት ነው። ለዚህ ራሱን የቻለ ዓይነት መጽሐፍ አለ። ፍሬድሪክ ስትራውድ በ1890 ለንደን ላይ ያሳተመው መዝገበ ቃላት የደራሲውን ፍቺ አይሰጥም፤ የትኛው ዳኛ በየትኛው ክስ ቃሉን እንዴት እንደፈታው ነው የሚዘረዝረው። ለእኔ ከሁሉም ሐቀኛው ይኸኛው ነው። ፍቺው የማን እንደሆነ አይደብቅም።

ዓመቱም መታየት አለበት። የ1950 ሕግ በ2024 ኅትመት ሲፈታ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ሠረገላና መኪና ይጣላሉ። አገሩም እንደዚሁ ነው። «ትረስት» የሚባለውን፣ አንዱ ንብረትን ለሌላው ጥቅም የሚይዝበትን የእንግሊዞች ተቋም ያየ የፈረንሳይ ወይም የጀርመን መዝገበ ቃላት አቻ ቃል ለመስጠት ይቸገራል፤ ነገሩ በዚያ የሕግ ሥርዓት ውስጥ በተመሳሳይ መልኩ የለምና። ደህና የሁለት ቋንቋ የሕግ መዝገበ ቃላት እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ «አቻ የለውም» ብሎ ያብራራል። ቀሽሙ አንድ ቃል ፊት ለፊት ያስቀምጥና ዝም ይላል። የአውሮፓ ኅብረት በ24 ቋንቋ ሕግ ሲያወጣ ሁሉም እኩል የጸና ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ1982 እንደተናገረው ደግሞ የኅብረቱ ሕግ ቃላት በየአገሩ ሕግ ካላቸው ትርጉም የተለየ የራሳቸው ትርጉም ሊኖራቸው ይችላል። ጠበቃው ቃሉን ሲያውቀው አያውቀውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ኒውሰም እንመለስ። ዳኛው በ2024 መስከረም ሌላ ክስ ደረሳቸው። ዘራፊው ገንዘብ ያዧ ላይ ሽጉጥ ደገነ፤ አልነካትም። «በአካል ገድቧታል» ይባላል? በዚህኛው ጊዜ ጥንቃቄ ጨመሩ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ሦስት የተለያዩ ሞዴሎችን፣ እያንዳንዳቸውን 10 ጊዜ ጠየቁ። 30 መልስ መጣ። ጭብጡ ይመሳሰላል፤ ቃሉ ግን ሁሌም ትንሽ ይለያያል። ዳኛው ይህን እንደ ድክመት አላዩትም። 30 ሰው መንገድ ላይ ብንጠይቅም እንዲሁ ይለያይ ነበር፤ የተለመደ ትርጉም ማለት ይኸው አይደል? አሉ።

ነጥቡ ሞኝ አይደለም። ማሽኑ የሰው አነጋገር ክምችት ስለሆነ ቲማቲምን አትክልት የሚለውን ሰው ከአዘጋጁ በላይ ሊሰማው ይችላል። በ2023 ኒው ዮርክ ላይ ጠበቆች ማሽኑ የፈጠረላቸውን፣ የሌሉ ውሳኔዎች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል፤ ቃል መጠየቅ ግን ክስ ፈልግልኝ ከማለት ይለያል ማለት ይቻላል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ብላክስ ላይ የአዘጋጁ ስም፣ ዓመቱና የኅትመቱ ቁጥር ተጽፏል። ተቃዋሚ ጠበቃ ገጹን ገልጦ ያው ቃል ላይ ያው ፍቺ ያገኛል፤ ልክ አይደለም ብሎ መከራከርም ይችላል። የማሽኑ ሠላሳ መልሶች በዳኛው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ተያይዘዋል። ነገ ያንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው 31ኛውን ያገኛል። በ1610 የተቆጣው ፓርላማ ቢያንስ ካምብሪጅ ሄዶ የሚያስጠራው አንድ ሰው ነበረው።